ከቀብር የቀሩት ሰው

ለቅሶ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምሠራው ሥራ መቁጠር ነው። አልቅሼ፣ ደረቴን መትቼ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ብዬ ከተቀመጥኩ በኋላ ዓይኔ አያርፍም። ማን መጣ? ማን ቀረ? ቀብሩ ላይ ቆሞ ታይቶ ንፍሮው ሲቀርብ የጠፋው ማን ነው? ጠባዩን ያወረሰችኝ እናቴ ናት። ዳንግላ ከተማ ጠላ እየሸጠች ነው ያሳደገችን፤ አባቴ የሞተ ጊዜ ከቀብሩ የቀሩትን ሰዎች ስም እስክትሞት ድረስ በቃሏ ትይዝ ነበር። ከእነዚያ ሰዎች ቤት እሳት እንኳ አልጫረችም።

መምህርት ሆኜ ጥርባ አካባቢ ካለ የገጠር ትምህርት ቤት ስመደብ ይህን ጠባይ ከሻንጣዬ ጋር ይዤው መጣሁ። አገሩ አገውኛ ይናገራል፤ እኔ አማርኛ ብቻ የምችል የከተማ ልጅ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ ልዛወር ስል አንድ ገበሬ አግብቼ ቀረሁ። አገውኛውም ቀስ በቀስ ገባኝ፤ ስናገረው ግን እስከ ዛሬ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ይስቁብኛል። ለቅሶ ላይ መቁጠር ቋንቋ ስለማይጠይቅ በዚያ በኩል ከማንም አላነስኩም።

እዚህ አገር ከሰርግ የቀረ ይታማል፣ ከዚያ ይረሳል። የታመመ ያልጠየቀ ይወቀሳል፣ ይታረቃል። ከቀብር የቀረ ግን ቀረ ነው። ሰዎች በመሬት ተካሰው፣ በዱላ ተፈነካክተው እንኳ ሬሳ ሲወጣ አብረው ይከተላሉ። እኔ ደግሞ ይህን ሕግ ከባለቤቶቹ በላይ አጥብቄ ያዝኩት። ባሌ ይስቅብኝ ነበር። "ለሕዝብ ቆጠራ የሚያሰማሩት አንችን ነበር" ይለኛል፣ ከቀብር ስንመለስ ስሞቹን መዘርዘር ስጀምር።

ባሌ ከማሳችን ግማሹን ዛፍ ተክሎበት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ እንደሚያደርገው ዲከረንስ ነው የተከለው፤ ቶሎ አድጎ፣ ተቆርጦ፣ ከስሎ በጭነት መኪና የሚሄድ ዛፍ። ቤታችንን ቆርቆሮ ያለበሰው፣ አንዲት ልጃችንን እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያደረሰው ይኸው ዛፍ ነው። ከዚያ በሽታ ገባበት። መጀመሪያ ቅጠሉ ቡናማ ሆነ፣ ቀጥሎ ቅርንጫፉ እየተጠማዘዘ ደረቀ፣ በሁለት ክረምት ውስጥ ከማዶው ኮረብታ እስከ እኛ ደጅ ድረስ ደኑ እንደቆመ ሞተ። ባለሙያዎች መጥተው አዩት፣ ፎቶ አነሱት፣ ሄዱ። ባሌ የተረፈውን ሳይበሰብስ ቆርጦ ለማክሰል ወሰነ።

"ይኸ የመጨረሻው ነው" አለኝ። "ኸዚህ በኋላ ድንች ነው የምንዘራ።"

የእኔ ደመወዝ በዚያ ሰሞን ሲመጣ ይመጣል፣ ሲቀር ይቀራል። የዓመቱ ቀለባችንም የልጃችን የመጨረሻ ዓመት ትምህርትም በዚያ የከሰል ክምር ውስጥ ነበር።

ከሰል ማክሰል ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ግንዱ ተቆራርጦ ይከመራል፣ ሣርና ቅጠል ይለብሳል፣ በላዩ አፈር ይጫንበታል፣ ከዚያ ከውስጥ ይለኮሳል። እሳቱ መንደድ የለበትም፤ ታፍኖ ነው የሚያበስለው። አፈሩ አንድ ቦታ ሰርጎ ነፋስ ከገባ፣ የአምስት ዓመት ዛፍ በግማሽ ቀን አመድ ይሆናል። ስለዚህ ከተለኮሰ ጀምሮ ሰው አይለየውም። ጢሱን እያየ፣ የሰረገውን እየደፈነ፣ እዚያው እየበላ እዚያው እያሸለበ ይጠብቀዋል።

በዚያ ማሳ በኩል የሚዋሰኑን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ባሌ አባቱን በልጅነቱ ስላጣ ሞፈር መጨበጥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ከዚያ በድንበሩ ላይ በበቀሉ ሁለት ዛፎች ተጣሉ። በሁለት ዛፍ! "የኔ ነው"፣ "የኔ ነው" ተባብለው አስታራቂ ተቀመጠ፣ ጉዳዩ ቀበሌ ደረሰ፣ መፍትሔ ጠፋ፣ አራት ክረምት ሙሉ ሳይነጋገሩ አለፈ። እሳቸው ድንበሩን አልፈው ወደኛ አይሻገሩም፤ ባሌም ወደ እሳቸው አይሻገርም። ያን የመጨረሻ ክምር ሲሠራ ባሌ ሁለቱንም ዛፎች ቆርጦ ከሥር አነጠፋቸው። እኔ ቆሜ እያየሁት ነበር። ተው አላልኩትም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ክምሩ በተለኮሰ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባሌ ሆዱን ይዞ ከአጠገቡ ተቀመጠ። "ቁርጠት ነው፣ ይለቀኛል" አለ። ረፋዱ ላይ ሰውነቱ በቀዝቃዛ ላብ ተጠመቀ። የጤና ኬላዋ ልጅ መጥታ ሆዱን ነካ ስታደርግ ፊቷ ተለወጠ። "አሁኑኑ ሆስፒታል" አለች። በጸጥታው ችግር መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ነበር። ሚኒባስ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ስልኩም ኔትወርክ ካጣ ሰንብቷል። ሰፈሩ ቃሬዛ ይዞ መጣ። በሁለት ቀርቀሃ መካከል በገመድ የተጠላለፈ፣ ቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር ተጋድሞ የሚኖር፣ ለታመመም ለሞተም የሚነሳ ቃሬዛ ነው። ትከሻ እየተቀያየሩ ይዘውት ሮጡ። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ ከኋላ እከተላለሁ።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነበር። ተሸካሚዎቹ ተያዩ። አንዱ "በእግራችን እናደርሰዋለን" አለና እንደገና አነሱት። የእንጅባራ ቆርቆሮ ከሩቅ ሲብለጨለጭ ባሌ እጄን ፈለገ። ሰጠሁት። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ወደ አፉ አቀረብኩ።

"ክምሩን" አለ።

ሌላ ቃል አልተናገረም። እዚያው መንገድ ዳር፣ ቃሬዛው ሳይወርድ፣ ሞተ።

ተናደድኩበት። ይህን ለመጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን የሆነው እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ለእኔም ለልጁም አንድ ቃል ሳይተው ስለ ከሰል ተናግሮ ሞተ። ያን ቃል እልህ ውስጥ ቀበርኩትና ዳግም አላሰብኩትም። የወሰደው ቃሬዛ መለሰው።

በማግስቱ ተቀበረ። ልጃችን እንጅባራ ሆና ምንም አልሰማችም፤ ስልክ የለም፣ በእግር የተላከው ሰውም ከተማው መግቢያ ላይ ታግዷል። በአባቷ ቀብር ላይ አልነበረችም። እሷን ማርኳት፣ ምን ታድርግ። ሌላው ሕዝብ ግን ሁሉም መጥቶ ነበር። ከማዶ፣ ከወንዙ ባሻገር፣ ከጥርባ ሳይቀር በዚያ መዓት ጊዜ በእግሩ መጣ። ሴቶቹ በአገውኛ ሙሾ ያወርዳሉ፤ ሞፈሩን ሲያነሱ፣ ሳቁን ሲያነሱ እያንዳንዷ ቃል ትገባኝ ነበር። እኔ ታዲያ ምን አደርጋለሁ? እቆጥራለሁ። ሁለት ሴቶች በብብቴ ደግፈውኝ፣ እንባዬ እየወረደ፣ ዓይኔ በሕዝቡ መካከል ይዞራል። ባለወፍጮው መጥቷል። ርዕሰ መምህሩ መጥቷል። ጥጃችን ገብታ ሰብሉን ያበላሸችበት ሰውዬ መጥቷል። ሽማግሌው ጎረቤታችን የሉም።

አፈሩ እስኪመለስ ጠበቅኩ። የሉም። ወንዶቹ አካፋ እየተቀባበሉ አፈር ሲያለብሱት እያየሁ በልቤ አንድ ነገር ደረቀ። ለሁለት ዛፍ ብለው! ያሳደጉትን ልጅ፣ ለሁለት ዛፍ ብለው!

የመጡት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ድንኳኑ በሰው ሞልቶ ነበር። ታጥበው፣ ጢማቸውን አበጥረው፣ የታጠበ ጋቢ ለብሰው፣ ጎማ ቦት ጫማቸውን አድርገው፣ ቀስ እያሉ ገቡ። አንድ እርምጃ ሄደው ቆም ይላሉ፣ ሌላ ይራመዳሉ። ለእኔ ሰርገኛ ነበር የመሰሉኝ። ፊቴን ሦስት ቀን አልታጠብኩም፤ እሳቸው አምረው መጡ።

ከመደቤ ተነሳሁ። በሕይወቴ ከእርስዎ በቀር ብያቸው የማላውቀውን ሰው አንተ አልኳቸው።

"ምን ልትሠራ መጣህ?" ብዬ ጮህኩ። "በሕይወቱ ድንበር ከለከልኸው፤ ሲሞት አንድ አካፋ አፈር ነፈግኸው! ውጣልኝ! ኸእንግዲህ ይኸን ደጅ እንዳትረግጥ!"

ከጎኔ የነበረች ጎረቤቴ ክንዴን ይዛ "ኧረ ተይ፣ እሳቸው እኮ..." ብላ ስትጀምር ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"እግዜር ያጥናሽ የኔ ልጅ" አሉኝና እንደዚያው ቀስ እያሉ ወጡ።

ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። እኔ ያፈሩት በሳቸው መሰለኝ።

ልጃችን በአምስተኛው ቀን፣ ከከተማው ሰው መልቀቅ ሲጀምሩ፣ በእግሯ ደረሰች። ስለ መርዶዋ አልጽፍም፤ አልችልም። ስታለቅስ ውላ ስታለቅስ ካደረች በኋላ ጠዋት ላይ ራሷን ጭኔ ላይ እንዳደረገች "አባዬ መጨረሻ ላይ ምን አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ልዋሻት አሰብኩ። ስምሽን ጠራ ልላት። አፌ እምቢ አለኝ።

"ክምሩን አለ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። "ክምሩስ?"

ያን ጊዜ ነው ከእንቅልፍ እንደተቀሰቀሰ ሰው ብድግ ያልኩት። አምስት ቀን! በእሳት ላይ ያለ ክምር አምስት ቀን ያለ ጠባቂ! ጫማ ሳላደርግ ወደ ማሳው ሮጥኩ፤ ልጄ ከኋላዬ ትሮጣለች። አመድ እንደማገኝ አልተጠራጠርኩም። እንዲያውም ግድ አልነበረኝም፤ እሱ ከሄደ ከሰሉስ፣ ድንቹስ፣ ትምህርቱስ ምን ይሠራልኛል እያልኩ ነበር የምሮጠው።

ክምሩ እንዳለ ነበር። ጢሱ አቁሟል። አፈሩ ከላይ እስከ ታች በእርጥብ ጭቃ ተደፍኖ፣ በአካፋ ጀርባ ተመትቶ ተስተካክሏል። አንድ ቦታ ላይ፣ ከአናቱ ወደ ቀኝ፣ ምጣድ የሚያህል ጉድጓድ ሰርጎ ኖሮ እንደገና ተሞልቷል። በስተግርጌው ባዶ ጀሪካን፣ የተረጋገጠ ሣር፣ የቆሎ ገለባ አለ። ከጎኑ ገሳ ተጥሏል። ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ላስቲክ ነው የሚከናነብ፤ በሰፈራችን ከሣር የተጠለፈ ገሳ የሚለብሱ አንድ ሰው ብቻ ቀርተዋል።

ልጄ ገሳውን አነሳችው። በአንድ በኩል ተቃጥሏል።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንድ አካፋ አፈር ነፈግኸው ያልኩትን አሰብኩ። እኛ ባሌን አፈር ስናለብስ እሳቸው እዚህ አፈር ሲያለብሱ ነበር። ከቀብር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ አብልጠው የሚያውቁ ሰው፣ በሕዝብ ፊት ቀሪ ተብለው እንደሚቆጠሩ እያወቁ፣ አራት ዓመት ያልረገጡትን ድንበር ረግጠው ገብተው ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ያችን ጎረቤቴን ያዝኳት። "ለምን አልነገራችሁኝም?" አልኳት።

"አንች የላክሻቸው መስሎን ነው" አለችኝ። "ኋላ ስትጮሂባቸው ደነገጥን። ለነገሩ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ከሰል ይወራል?"

አይወራም። ይህንም አውቃለሁ። ሬሳ በወጣበት ቤት የንብረት ነገር ማንሳት ነውር ነው፤ ስለዚህ ያ ሁሉ ሰው አውቆ ዝም ብሏል።

እሳቸው ቤት ስሄድ ልጄን ትቻት ሄድኩ። ቤታቸው የቤተክርስቲያኑ መንገድ ዳር ነው። ባለቤታቸው ዓይነ ስውር ናቸው፤ ከአልጋ ከዋሉም ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፣ የሚናገሩትም አገውኛ ብቻ ነው። ሽማግሌው መደብ ላይ ግራ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ቦት ጫማው የለም። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚት ተልጦ፣ አብጦ፣ ቢጫ ውሃ ያዥ ነበር። ክምሩ አናት ላይ ወጥተው ስንጥቅ ሲደፍኑ አፈሩ ሰርጎ እግራቸው ፍሙ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። በዚያ እግር ነው ታጥበው፣ ጫማ ውስጥ ጨምረውት፣ ሊያጽናኑኝ የመጡት። ያ ቀስ ማለት እሱ ነበር።

ጉልበታቸው ላይ ወደቅኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ይቅርታ እያልኩ ማልቀሴን ብቻ ነው የማስታውስ። አንተ ያልኳቸውን ልሽር እርስዎ፣ እርስዎ እያልኩ ደጋገምኩት።

"ተነሽ" አሉኝ ተቆጥተው። "ምን፣ ላንች ብዬ መሰለሽ? ኸሥር የተነጠፉት ሁለቱ ዛፎች የኔ ናቸው። ዛፌን ነው የጠበቅሁ።"

ባለቤታቸው ከአልጋቸው ሆነው በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። ገባኝ። "ውሸታም ነው፤ ጢሱ ሲጠቁር ጊዜ ልጄ ልጄ እያለ ነው የሮጠ" ነበር ያሉት። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት እየሄድኩ ውሃ አፍልቼ፣ ጨው ጨምሬ፣ ያን እግር አጠብኩ። ጤና ኬላዋ ቅባት ሲኖራት ትሰጠናለች፤ ሲያልቅባት እጇን ዘርግታ ታሳየናለች። ማመስገን ደስ የሚል ነገር ነው ብዬ ነበር የማስበው። አያምም አልልም። ያ ሰው የሰጠኝን ባየሁ ቁጥር እኔ የሰጠሁትን ነበር የማየው። እሳቸውም አላቀለሉልኝም። "ውሃው ፈላ!"፣ "ቀዘቀዘ!"፣ "ይኸ የመምህር እጅ ነው የምጣድ ማሰሻ?" ይሉኛል። ባለቤታቸው ይስቃሉ። እኔም አንዳንዴ ሳላስበው እስቅ ነበር፤ ባሌ ከሞተ በኋላ የሳቅኩት መጀመሪያ እዚያ ቤት ነው።

ከሰሉን የሰፈሩ ወንዶች ወጥተው ከፈቱት። ብረት እየመሰለ፣ ሲመቱት እየጮኸ ወጣ። ስንት ጆንያ እንደሆነ አልቆጠርኩም፤ ሁለቱን ጆንያ ግን ለብቻ አውጥቼ ሽማግሌው ደጅ አስቀመጥኩ። መለሱልኝ። እንደገና ወሰድኩ፣ እንደገና መለሱ። በመጨረሻ ሁለቱ ጆንያዎች ዛፎቹ የነበሩበት ድንበር ላይ ቆመው ቀሩ።

በአርባው ቀን ተዝካሩ ሲደረግ የተሳደብኩትን በተሳደብኩበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት ልመልሰው ወስኜ ነበር። በሕዝብ ፊት የወጣን ቃል ጓዳ ገብቶ ይቅርታ ማለት አይሽረውም። ሽማግሌው ግን መራመድ አቅቷቸዋል። እንዴት አድርጌ አመጣቸዋለሁ ብዬ ሳስብ ሰዎቹ ራሳቸው ሄደው በቃሬዛ አመጧቸው። በዚያው ቃሬዛ። ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ተሸካሚዎቹን አስቆሙና ወደ እኔ አዩ።

"እንዳልረግጥ ብለሽኛል" አሉ፣ ሁሉም እየሰማ። "አልረገጥሁም። በሰው ትከሻ ነው የመጣሁ።"

ሕዝቡ በተዝካር ላይ መሳቅ ነውር መሆኑን እያወቀ ሳቀ። እኔ እየሳቅኩም እያለቀስኩም ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ምን እንዳልኳቸው፣ እሳቸው የት እንደነበሩ፣ ማን ምኑን አፈር እንዳለበሰ። ቄሱ "እግዚአብሔር ይፍታ" አሉ። ሁለቱን ጆንያ ከሰልም በዚያ ቀን አገኘኋቸው፤ ሽማግሌው አስጭነው ልከው፣ ወጡ የተሠራው በእሱ እሳት ኖሯል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። እግሩ አልዳነም። መንገድ ሲከፈት ልጆቻቸው ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ ቆይቷል፣ መርዙ ወደ ላይ ወጥቷል አሏቸው። እግሬን ይዤ ነው የምሞት ብለው ሳይቆረጡ ተመለሱ። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ ጠዋት ውሃ ይዤ ስገባ "ዛሬ ተይው" አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሞቱ። ባሌ በሞተ በአምስት ወሩ፣ ለባሌ ከሰል። ሰው ያጽናናኛል፤ ዕድሜ ነው፣ ቀኑ ደርሶ ነው ይለኛል። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ስኖርም ከዚህ ጋር ነው የምኖረው።

በቀብራቸው ቀን ሬሳው ሊነሳ ሲል አንድ ነገር ተነሳ። ባለቤታቸው ብቻቸውን መተው አይችሉም። ከአልጋ አይወርዱም፣ አያዩም። ምራታቸው ልቅር አለች፤ እንዴት ሆኖ! ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከቀብር የሚቀር ሰው ይፈለግ ነበር።

"እኔ እቀራለሁ" አልኩ።

ያችው ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። "አንችማ አይሆንም። ሰው ምን ይልሻል? ኸሁሉ በፊት መውጣት ያለብሽ አንች ነሽ።"

"ይበሉ" አልኳት።

ወጡ። ቤቱ ባዶ ሆነ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የባለቤታቸውን እጅ ያዝኩ። በሩ ተከፍቷል፤ ሕዝቡ በመንገዱ ላይ ቃሬዛውን ተከትሎ ሲያልፍ ይታየኛል። ባለቤታቸው ለቅሶውን በጆሯቸው ተከተሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና በአገውኛ ጠየቁኝ።

"ማን ማን መጣ?"

ቆጠርኩላቸው። በዚያ በተሰባበረ አገውኛዬ፣ አንድም ሰው ሳልዘል። ቀሳውስቱ አልፈዋል። ልጆችዎ ከፊት ተሸክመዋል። ባለወፍጮው ከነወንድሞቹ አለ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ሁሉም መጥተዋል፤ አንዲት አሮጊት እንኳ በበቅሎ መጥታለች። ርዕሰ መምህሩ ተማሪዎቹን አሰልፏል። የጤና ኬላዋ ልጅ ጥቁር ለብሳለች። ልጄ አለች፤ ዘንድሮ ትመረቃለች፣ ምርኩዛቸውን ይዛላቸዋለች። ስሳሳት እጄን ጫን እያሉ ያርሙኛል። እያንዳንዱን ስም ስጠራ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ፊታቸው ትንሽ በትንሽ እየረጋ ሄደ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ልወቅስበት የቆጠርኩትን ቆጠራ አንድ ሰው እንደ እንጀራ ሲቀበለኝ ያን ቀን አየሁ።

የመጨረሻዎቹ ሴቶች አለፉ። መንገዱ ላይ አቧራ ብቻ ቀረ።

"እንግዲያ ማንም አልቀረም?" አሉኝ።

"አንድ ሰው ቀርቷል" አልኳቸው።

"ማን?"

"እኔ።"

ሌላውን እጃቸውን አምጥተው በእጄ ላይ ደረቡት። ቤተክርስቲያኑ በኩል ለቅሶው ከፍ አለ፤ አፈር እየመለሱ ነበር።